ያላነከሰ ባል ቅቤ አያይም

የመስቀል ዋዜማ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ቡታጅራ ገበያ ዳር ቆመ... ወንዶቹም እየወረዱ ወደየቤታቸው አዘገሙ። ሁሉም ያነክሳሉ!

«መቀመጫ ባዶ እያለ ከመርካቶ እስከዚህ ቆመው የመጡ መንገደኞች ዛሬ ገና አየሁ» አለ ሾፌሩ ግራ ገብቶት።

እኔ ግን ምስጢሩን አውቀዋለሁ። ያኔ በጃንሆይ ዘመን እዚያው መምህርት ነበርኩ፤ የተከራየሁትም እትዬ ዘነበች ግቢ ነው። ባሏ ጋሽ ክፍሌ እንደ አገሩ ወንድ ዓመቱን መርካቶ ይነግዳል፤ ለመስቀል መጥቶ ክትፎውን ይበላል፣ ይመለሳል። አምና ሲመጣ ለሚስቱ ሻሽ ይዞላት መጣ... ከሻሹ ጋር ጨብጥም።

እትዬ ዘነበች በጋውን ሙሉ ሆዷን ይዛ ኖረች። የሴት ሕመም ስም የለውም፤ ቢበዛ «ብርድ መታት» ነው። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷም አክማ ስታበቃ፣ «ባልሽ ሳይታከም ከቀረበሽ ይመለስብሻል፤ ማህፀንሽ ደግሞ ሁለተኛውን አይችለውም» አለቻት።

ይህቺው ነርስ ለእናቶች ትምህርት ስትሰጥ እትዬ ዘነበች እኔንም ጎትታ ወሰደችኝ። «ነይ እንጂ መምህርት፣ አንቺስ ነገ አታገቢም?» ነርሷ የማይጠራውን ሁሉ በስሙ ስትጠራው ባለትዳሮቹ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ፤ የተማርኩት እኔ ነጠላዬ ውስጥ ተደብቄያለሁ።

«ወንድ ታክሜያለሁ ብሎ ቢዋሽስ በምን እናውቃለን?» አለች አንዷ ከኋላ።

ነርሷ ሳቀች። «ፔኒሲሊን ቂጡን የተወጋ ሰው አረማመዱ ይናገራል።»

የሴቶቹ አዋጅ እዚያው ወጣ። ሰንጋውን የሚገዛው ወንዱ ይሁን እንጂ ቅቤው በሴቷ እጅ ነው፤ ዓመቱን ያጠራቀመችውን አንጥራ የምታወጣው እሷ ናት። ያለ ቅቤ ደግሞ ክትፎ ምን ክትፎ ይባላል? መልእክቱ በዘመድ አዝማድ አፍ መርካቶ ደረሰ፦ ያላነከሰ ባል ቅቤ አያይም። ወንዱ ሁሉ በመንገዱ ዋዜማ ተሰልፎ ተወጋ።

ጋሽ ክፍሌ ከሁሉም ብሶ መጣ። ዱላ ተደግፎ፣ እያቃሰተ።

«ምነው?» አለችው ሚስቱ።

«ወጉኝ እኮ! መርፌ እንዳይመስልሽ... ጦር ነው!»

«እሰይ፣ እግዜር ይማርዎት። ይረፉ።»

መጀመሪያ በግራ እግሩ እያነከሰ ወደ መደቡ ሄደ። ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ግን ቀኙን ነበር የሚጎትተው። እትዬ ዘነበች ይህን አየች። ጓዳ ገብታ የቅቤውን ማሰሮ ከፈተች... ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ጋሽ ክፍሌ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ።

ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ ጮኸች፦ «ኡ ኡ! ሰንጋው ገመዱን በጠሰ!»

ጋሽ ክፍሌ ዱላውን ወርውሮ ተፈተለከ። የእንሰቱን አጥር ሲዘል ባይኔ አይቻለሁ፤ ወጣት ፈረስ እንደዚያ አይዘልም። ሰንጋው እንደታሰረ ሣሩን ያመነዥጋል።

እትዬ ዘነበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት፦

«አንተ! መርፌው ለቀቀህ?»

«ሰንጋው... ደንግጬ...»

«አምና ያመጣህብኝን እኔ ተወጋሁልህ። ዘንድሮ ተራው ያንተ ነው። ክሊኒኩ ሳይዘጋ ሂድ!»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ከተማው ሁሉ እያነከሰ አንተ ብቻህን ቀጥ ብለህ ስትሄድስ አታፍርም?»

ሄደ። ሲመለስ አላቃሰተም፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ገባ። እትዬ ዘነበች በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አረማመዱን ከኋላው አጠናች።

«መምህርት፣» አለችኝ፣ «ይሄኛው የእውነት ነው።» ቅቤውንም ልታወጣ ገባች።

ክትፎውን ቆሞ በላ። ነርሷ «ሳምንት ታገሱ» ስላለች መደቡ ላይ ብቻውን ተኛ፤ እሱም በሆዱ።

የሴት ሕመም ወደ ወንድ ልብ የሚገባበትን መንገድ ብዙ ሊቃውንት ፈልገው አጥተውታል ይባላል... ቡታጅራ ላይ በኋላ በኩል ተገኝቷል።