ታላቅ እህቴ ጭፈራ ቤት ስትመርጥ

እስካለፈው ወር ድረስ አንድ ተራ ቀን ታላቅ እህቴን የሚያስከፍላት ይህን ነበር፦ ከሁሉ የሚጣፍጠውን የንጋት እንቅልፍ፣ ሦስት አውቶቡስ፣ አንድ ጥንድ ጓንት፣ ሃያ ሁለት ባልዲ ውሃ፣ ማታ ደግሞ የተሰነጣጠቀ እጇን የምትቀባውን ቅባት። ሥራዋ ጭፈራ ቤት ማጽዳት ነው። የምታጸዳው ሦስት ናይት ክለብ ነበራት። ሰው ጨፍሮ ሲወጣ እሷ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ሙዚቃቸውን ሰምታ አታውቅም።

እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላት። ዘበኞቹ ግን «ኢንስፔክተሯ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ሁሉን ነገር ነክታና ገፍታ ካላየች አታልፍማ።

ባለፈው ወር ታናሻችን የፀጉር ሥራ ትምህርቷን ጨረሰች። አብረዋት ከተመረቁት ሰባት ልጆች ጋር አንድ ማታ ወጥተው ሊጨፍሩ ቆረጡ፤ እኔንም ከወለድሽ ወዲህ የሰው ፊት አላየሽም ብለው ጨመሩኝ። የት እንሂድ የሚለው ብቻ ሳምንት ፈጀ። የልጆቹ ልብ ያረፈው ደጁ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግበት ትልቁ ክለብ ላይ ነው። ፎቶውን ስልካቸው ላይ እያዩ ከመብራቱ ጋር የሚሄድ ልብስ ሁሉ መርጠዋል። እትዬ ይህን ሰምታ እሱስ ይቅርባችሁ አለች። ለምን ሲሏት፣ ጭፈራ ቤትም እንደ ጨርቅ በቀን ብርሃን ነው የሚመረጠው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታዬ ኑና እዩት አለቻቸው።

ታናሻችን አቀረቀረች። ለጓደኞቿ እህቴ ክለብ ውስጥ ትሠራለች ከማለት በቀር ምን እንደምትሠራ ነግራቸው አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሄድን። እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልኩ። መብራቱ ሁሉ በርቶ ሲታይ ያ የፎቶው ቤት የት እንደገባ እንጃ። ግድግዳው ጥቁር ቀለም የተለቀለቀ፣ ምንጣፉ ጫማ ይዞ አልለቅም የሚል። የስምንት ወር ልጄ ብቻ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን የመስታወት ኳስ እያየ ይፍለቀለቃል። እትዬ ጓንቷን እንዳደረገች ወደ ኋላ ወስዳ አንድ በር አሳየችን። አደጋ ቢመጣ ሰው የሚያመልጥበት በር ነው። በሰንሰለት ታስሮ፣ ጓጉንቸር ተቆልፎበት፣ የመጠጥ ሳጥን እስከ ወገቤ ተደርድሮበታል። ለሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ ነግራዋለች። ሳይከፍሉ ሾልከው የሚገቡ አሉ ብሎ ነው የመለሳት።

እሱም ድምፃችንን ሰምቶ መጣ። እዚያ ላይ እትዬ ዝም ብትል ኖሮ ሥራዋ በእጇ ነበር። ልጆቹ አይተዋል፤ ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግም። እሷ ግን መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በሩን ክፈትልኝ አለችው።

«ሴትዮ፣ ያንቺ ሥራ ወለሉ ነው» አላት።

«ወለሉ እኮ እስከ በሩ ይደርሳል» አለችው። «ከሥሩ የምጠርገው አለኝ።»

ልጆቹ ባይኖሩ ሰድቧት በሄደ ነበር። ስለነበሩ ግን ቁልፍ ፍለጋ ገባ። መሳቢያ ከፈተ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ዘበኛውን ጠራ፤ ዘበኛውም ለማታው ዘበኛ ደወለ። አንዷ ልጅ ስልኳ ላይ ሰዓት ይዛ ነበር። አሥራ ስድስት ደቂቃ አለፈ፤ ቁልፉ አልተገኘም።

ታናሻችን በእሳት ጊዜም እንዲህ ነው የሚፈለገው ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «እህቴ ናት» አለች። «ይህን ቤት የምታጸዳው እሷ ናት።»

እትዬ ባልዲ እንደምታነሣ ሆና ጎንበስ አለች፤ እኔ ግን ዓይኗን አይቼዋለሁ።

ሰውዬው ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገራት። መወልወያው የራሷ ስለነበር ይዛው ወጣች፤ መንገድ ላይ ልጆቹ እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ እያሉ ተቀባበሉት። ከዚያ እሷው ወደምታጸዳው ሌላ ትንሽ ክለብ ወሰደችን። የደጁ መብራት ግማሹ አይሠራም፣ ወንበሮቹ አርጅተዋል። የኋላ በሩን ግን ታናሻችን በአንድ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ተከፈተና ጸሐይ ገባ። ሌላ ክርክር አልተነሣም።

ማታውን እትዬ ልጄን ይዛልኝ ቀረች። ማታውን ምን ላደርገው፣ ጠዋት የተረፈውን አየው የለ አለች። እውነቷን ነው። በማግስቱ ከሥራዋ ደውላ ጉትቻዬን ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሥር እንዳገኘችው፣ ከአወዳደቁም ደህና እንደጨፈርኩ እንደገባት ነገረችኝ።

አሁን የእትዬ ቀን አንድ አውቶቡስና ሰባት ባልዲ ቀንሷል። በተረፋት ሰዓት ታናሻችን ለምትከፍተው ፀጉር ቤት ክፍል ትፈልጋለች። እስካሁን አራት አይታ አራቱንም ጥላለች፤ ሁሉም ያላቸው አንድ በር ብቻ ነዋ። ታናሻችን ታዲያ ለሚጠይቃት ሁሉ፣ ቦታ የምትመርጥልኝ ኢንስፔክተሯ ናት እያለች ትኮራባታለች። እኔም እኮራባታለሁ።

ስለ እሷ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ለሚያነቡት ይህን አድርሺልኝ አለች፦ «ልትጨፍሩ ስትገቡ፣ ገና ሳትቀመጡ፣ የኋላ በሩን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ካልተከፈተ እናንተም ተናገሩ። የጽዳት ሠራተኛ ብቻዋን ስትናገር አይሰሟትም።»