ለወንድሜ መመለሻ የጎረሰው ጠመንጃ

አባቴ የጎረሰ ጠመንጃ ቤት ውስጥ እንዲያድር አይፈቅዱም ነበር። አደጋውን መፍራታቸው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስባቸው ግን ባሩዱ ነበር። ባሩድና አረሩ በአፈ ሙዙ የሚገባለት እንደ እሳቸው ጠመንጃ ያለ አሮጌ መሣሪያ ጎርሶ ካደረ ባሩዱ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ባሩድ ደግሞ አረሩን ካሰቡት ቦታ አያደርሰውም። «ወይ ተኩሰው፣ ወይ አታጉርሰው» ይሉ ነበር። ይህን ሕጋቸውን በሕይወት ዘመናቸው የጣሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ከበላያችን ያለው የባሕር ዛፍ ደን ጠባቂ ነበሩ። ጠመንጃው ከአባታቸው የወረሱት ነው። ዘመኑ የደርግ ቢሆንም ቀበሌው ያውቀውና ይንቀው ስለነበር ተመዝግቦ በእጃቸው ቀርቷል። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጎረምሳ መንገድ ላይ አስቁሟቸው «አባባ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት» ሲላቸው፣ «እሺ፣ አንተ ቀድመህ ግባና ቦታ ያዝለት» ብለውት አለፉ።

እሑድ እሑድ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አስከትለው ወደ ደኑ ይወጣሉ። ከጀርባው ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ባለው አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ በከሰል ጥቁር ነጥብ ያደርጉና እንተኩሳለን። እኔ ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ፤ ወንድሜ ዊንጌት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እሱ ችኩል ነበር። እኔ ረጅም ጊዜ አነጣጥሬ ስዘገይበት፣ «እትዬ መሥሪያ ቤት ያለች መስሏታል፤ አለቃ ካልፈረመላት ቃታ አትስብም» እያለ ያስቀኝና እንድስት ያደርገኝ ነበር።

አንድ እሑድ የእሱ አረሮች በየአቅጣጫው ተበተኑ።

«ጠመንጃው አርጅቷል፣ አባባ። ጡረታ ይውጣ።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን አልስትም። ሂድና ጨርቁን ፈልገህ አምጣ።»

«አረሩን ማለትዎ ነው?»

«አረሩ የሄደበት ሄዷል። የሚናገረው ጨርቁ ነው።»

አረሩ ወደ አፈ ሙዙ የሚገባው ሞራ በተቀባ እራፊ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ሲተኮስ እራፊው ጥቂት ርቆ ሣሩ ላይ ይወድቃል። ወንድሜ አንዱን አግኝቶ አመጣው። መሃሉ ተቃጥሎ ተበስቷል። አባቴ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት።

«ከምን ቆረጥከው?»

«ከአቡጀዲ።»

«ሳስቷል። እሳቱ በመሃሉ አልፎ አረሩን ከመስመሩ ገፍቶታል። ባሩዱን አትንካ፣ አረሩን አትንካ፤ ጨርቁን ብቻ ለውጥ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጥክ ያቃናህ የትኛው እንደሆነ አታውቅም።»

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ፈትለው ሽሮ ሜዳ ካሠሩት አሮጌ ጋቢ ቅዳጅ ይዘን ወጣን። ፈትሉ ወፍራም፣ ሽመናው ጥብቅ ነበር። ከተተኮሰ በኋላ ያገኘነው እራፊ ዳር ዳሩ ብቻ ጠቁሮ መሃሉ ደህና ነበር። አረሮቹም በአንድ ሎሚ ስፋት ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። ወንድሜ ቅርፊቱን ተሸክሞ ቤት ድረስ ወሰደውና ለእናቴ፣ «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጋቢሽን ደብቂ» አላቸው። በዚያው ሰሞን አረር ሳይተኮስ በርሜል ውስጥ ቢቀር የሚያወጣ፣ ጫፉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ ጋራዡ ውስጥ ሠርቶ ለአባቴ ሰጣቸው። አባቴ አገላብጠው አይተው፣ «ጥሩ እጅ አለህ» አሉት። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ታወጀና የወንድሜ ስም ቀበሌ ተለጠፈ። እናቴ ያሠሩለትን አዲስ ጋቢ አጥፈው ሻንጣው ላይ አስቀመጡ። በሚሄድበት ዕለት ጠዋት አባቴ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረዱ። በርሜሉን ወለወሉ፤ ባሩዱን በቀንድ መለኪያቸው ለኩ፤ ከአረሮቹ ሁሉ እንከን የሌለውን መረጡ። ከዚያ ምላጭ አነሡና የአዲሱን ጋቢ አንድ ጫፍ ቆረጡ።

«እንዴ! አዲሱን ጋቢ?» አሉ እናቴ።

«ሲመለስ ትሰፊዋለሽ።»

አረሩን በዚያች እራፊ ጠቅልለው ወደ ውስጥ አወረዱና በጠመንጃው መጠቅጠቂያ ዘንግ እስከ ልኩ ጠቀጠቁት። አፈ ሙዙን በሰም ደፈኑ። ለወንድሜ፣ «ስትመጣ አብረን ወጥተን ራስህ ትተኩሰዋለህ። ነጥቡን ነው የምትመታው፤ ሰማዩን አይደለም» አሉት።

ወንድሜ ሳቀ። «አባባ፣ ሊያድር ነው እኮ! ባሩዱ ይበላሻል።»

«ቶሎ ና እንግዲህ።»

መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ አባቴ የአፈ ሙዙን ሰም በጣታቸው ይነካሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ጠመንጃውን ግቢ አውጥተው ግድግዳ ያስደግፉታል። የጉለሌን ጭጋግ ሰም እንደማይመልሰው ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባሩዱ ሞቷል። እኔም አውቄአለሁ። የጎረቤት ልጆች አንዳንዶቹ ቆስለው ተመለሱ፤ የአንዳንዶቹ መርዶ መጣ። ለእኛ ቤት ግን ምንም አልመጣም። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድመው የሚነሡት እናቴ ነበሩ።

ሁለተኛው ክረምት መጥቶ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ወጣት የአባቴን ስም እየጠየቀ መጣ። አባቴ ወደ ቤት አላስገቡትም። ከአጥሩ ውጭ ቆመው አነጋገሩትና እስከ ታክሲ ሸኙት። ሲመለሱ እናቴ፣ «ማነው?» አሏቸው። «የደን ጉዳይ ነው» ብለው ገቡ።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በሽማግሌዎች አፍ ነው። አባቴ ማንንም አልጠሩም። በማግስቱ ጠዋት ጠመንጃውን ይዘው ግቢ ወጡና፣ «ልጄ፣ ማንቆርቆሪያውን ውኃ ሞልተሽ አምጪልኝ። የወንድምሽንም ዘንግ» አሉኝ። ውኃው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አረር ሳይተኮስ የሚወጣው ባሩዱ አስቀድሞ ከረጠበ በኋላ ነው። ሁለቱንም አቀበልኳቸው።

ሰሙን በቢላዋ ጫፍ አነሡ። ውኃውን ቀስ አድርገው ወደ አፈ ሙዙ ሲያንቆረቁሩ እናቴ በሩ ላይ ብቅ አሉና ቆሙ። አባቴ ዘንጉን አስገብተው አዞሩት፤ ብሎኑ የአረሩን እርሳስ ነከሰ። ጠመንጃውን በጉልበታቸው አጥብቀው ሳቡ። አረሩ ከነእራፊው ወጣ። እራፊውን ከላዩ ላይ ልጠው መዳፋቸው ላይ ዘረጉት። ጠቁሮና ሻግቶ ነበር፤ የእናቴ ፈትል ግን ይታወቃል።

«ትናንት የመጣው ልጅ ‹ጫፉ የተቆረጠ ጋቢ ነበረው› ብሎ ነገረኝ» አሉ አባቴ፣ ከመዳፋቸው ቀና ሳይሉ።

እናቴ ከበሩ መጥተው እራፊዋን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ፣ «አልብሰውታል?» ብለው ጠየቁ።

«በሱ ጠቅልለው ነው የቀበሩት።»

እናቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱ። ጩኸታቸው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት በአጥሩ በር እየሮጠ ሲገባ እኔ እናቴን ይዤ መሬት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከቦታቸው አልተነሡም። በርሜሉን በውኃ አጠቡ፣ በደረቅ ጨርቅ ወለወሉ፣ ሞራ ቀቡ፤ ልክ እንደተተኮሰ ጠመንጃ።