ከተኮስክ ሩጥ

ዴንዚል ኩትሊፕ ሲያስል ብራሽ ፎርክ ሸለቆ ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ሲቆፍር የዋጠው አቧራ ሳምባውን አጥቁሮታል። ሳሉ ከሆዱ ሥር ነው የሚነሳው፤ አንዴ ከጀመረው ደግሞ ማንም አያስቆመውም። ይሄ በሽታ ከብዙ ነገር ጋር አብሮ ይኖር ይሆናል። ከተርኪ አደን ጋር ግን በጭራሽ!

የዱር ተርኪን የማያውቅ ሰው "ያው ዶሮ አይደል እንዴ?" ይላል። ዶሮ! ይሄ ወፍ እኮ ዓይንህን ስታርገበግብ ከመቶ እርምጃ ያይሃል። "ደግነቱ አያሸትም፤ ማሽተት ቢጨመርለት ኖሮ አንድም ሰው አይገድለውም ነበር" ይላል ዴንዚል። በፀደይ አውራው ሴት ፍለጋ ይጮሃል። አዳኙ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥና፣ ክዳኗ ስትፋቅ ልክ እንደ ሴቷ የምትጮህ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዞ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሆኖ መጠበቅ ነው። ድንጋይ ደግሞ አያስልም።

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ሲገባ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሚስቱ ኦፓል ድንች በዱር ሽንኩርት እየጠበሰች ነበር።

"ዶክተሩ ያለውን ሰምተሃል" አለችው። "ኦክስጅን፣ ቀንም ሌሊትም። እዚህ ደግሞ ንፋስ ሽው ባለ ቁጥር መብራት ይጠፋል። ግሌንዳ ክፍሉን አሰናድታለች።"

ግሌንዳ ልጃቸው ናት፤ ኦሃዮ፣ ትልቅ ከተማ ነው የምትኖረው።

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይደል እንዴ ያለችው?"

"ሊፍት አለው።"

"ሊፍት! ሠላሳ አንድ ዓመት በሊፍት መሬት ውስጥ ስወርድ የኖርኩት አልበቃኝም?"

ኦፓል አልሳቀችም። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የሚበላው ታናሽ ወንድሟ ሮስኮ ግን ሳቀ፤ እሱ ምግብ ካለበት ጠፍቶ አያውቅም።

"እዚህ ቤት እሞታለሁ" አለ ዴንዚል። "አባቴም እዚህ ነው የሞተው።"

"እኔ ደግሞ መብራት ጠፍቶ፣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ፣ አንተ ስትታፈን ቁጭ ብዬ አላይም።" መጥበሻውን አወረደችና ወደሱ ዞረች። "እሺ፣ ስማኝ አንተ ሰውዬ። በዚህ ፀደይ አንድ አውራ። ራስህ ወጥተህ፣ ራስህ ገድለህ፣ ራስህ ተሸክመህ እዚህ በር ድረስ ካመጣህ አፌን እዘጋለሁ። አቅም አለው ማለት ነው እላለሁ፣ እንቀራለን። ካልሆነልህ ግን ወሬ የለም፣ እንሄዳለን።"

"ተስማምቻለሁ" አለ ዴንዚል፣ ሳል ሳይቀድመው።

ሮስኮ አፉ ሙሉ እንደሆነ "እኔ አብሬህ ልውጣ" አለ። "አንተ ተኩስ፣ እኔ እሮጥልሃለሁ።"

ነገሩ ወዲህ ነው። ተርኪ ተመትቶ ወደቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ተንፈራግጦ፣ ተነስቶ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ በቃ ጠፋ። የዴንዚል አባት ገና ጠመንጃ ሲያስይዘው ያስተማረው አንድ ነገር ነው፦ ከተኮስክ ሩጥ፤ አንገቱን ሳትረግጥ "ገደልኩ" አትበል።

"አንተ ትሮጥልኛለህ?" አለ ዴንዚል። "አንተ እኮ ለተርኪ የድብ ጥይት ነው የምታጎርሰው። ምስር የሚያክል የእርሳስ ፍሬ የሞላበት!"

"ይገድላል አይደል?"

"ሥጋውን ወንፊት ያደርገዋል። እኔ የጎመን ዘር በምታህል እርሳስ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የምለው። ደረቱን አልነካም።"

"እኔን ጠይቁኝ" አለች ኦፓል፣ በስተግራ የተሸረፈ ጥርሷን በጣቷ እያሳየች። "በሮስኮ ተርኪ ነው ይሄ የተሰበረው። በአርባ ዓመት ከዴንዚል ተርኪ አንዲት እርሳስ ጥርሴን ነክታው አታውቅም።"

"ጥርስሽ ድሮም የበሰበሰ ነበር!" አለ ሮስኮ። በመጥበሻው ማንኪያ ክንዱን አለችው።

እንግዲህ አደኑ ተጀመረ። አራት ሳምንት ነው የሚፈቀደው፣ በየቀኑ ከንጋት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ።

የመጀመሪያው ሳምንት በዝናብ አለቀ። ዝናብ ሲሆን አውራ አይጮህም፤ ካልጮኸ ደግሞ የት እንዳለ በምን ታውቃለህ? ዴንዚል ድሮ በሃያ ደቂቃ የሚወጣውን ዳገት አሁን በሰዓት ተኩል ነበር የሚወጣው። አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ዛፍ አቅፎ ይቆማል። አሥር እርምጃ፣ ዛፍ። ያ ዳገት ላይ ያላቀፈው ዛፍ አልቀረም። ላይ ደርሶ ዝናብ ይመታዋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰማዩ ጠራና ዳኛው ጮኸ። ዳኛው የምንለው ያን የላይኛውን ጋራ አውራ ነው፤ ሩቅ ቆሞ አይቶ አይቶ፣ ፈርዶብህ ስለሚሄድ። ገና ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ያ ጉልጉልጉል የሚለው ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። ወይኔ፣ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው አልጋ ላይ መቅረት አይችልም! ዴንዚል ሳጥኗን አንዴ ፋቅ አደረጋት። ወዲያው መለሰለት። ደግሞ ፋቅ፤ ደግሞ መለሰ። ከዚያ ከዛፉ ወረደ፣ ወደ ሴቶቹ። እውነተኛ ሴቶች እያሉለት የእንጨት ሳጥን ምን ሊያደርግለት? ከዚያ ወዲያ ዴንዚል ክንዱ እስኪዝል ቢፍቅ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በማግስቱ ብቻውን መጣ። ጅራቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቀጥ ብሎ መጣና አንድ የወደቀ የሽቦ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። አጥሩ ከጉልበት አይበልጥም። ይሄ ከጋራ ጋራ የሚበር ወፍ ያንን ሽቦ አልሻገርም ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ! ከዚያ ሄደ። ለምን? ማንም አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ቢገኝ እኛ አገር ከንቲባ እናደርገው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዴንዚል አጥሩን አልፎ ተቀመጠ። አፉ ውስጥ የአዝሙድ ከረሜላ ይዟል፣ ማር ልሷል፣ ውስኪም ቀምሷል። ዳኛው እየመጣ ነው፤ ሰባ እርምጃ፣ ስልሳ፣ ሃምሳ። ሳሉ ከሆዱ ተነሳ። ዴንዚል ጥርሱን ነከሰ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ በአፍንጫው አመለጠው። ያ ቀይ ጭንቅላት እንደ ምስማር ቀጥ አለ። ሁለተኛ ሲያይ ቦታው ባዶ ነው። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያስል ቆየ። ሲጨርስ መሐረቡን ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"እምቢ አትበለኝ፣ ልውጣ አብሬህ" አለው ሮስኮ በዚያ ቀን።

"ራስህ ነው ያለችኝ።"

"እኔ አልነግራትም!"

"እኔስ አላውቅም?" አለ ዴንዚል።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ዴንዚል ሳጥኗን ከኪሱ አላወጣትም፤ ዳኛው ድምጿን ለይቷታል። ከአጥሩ በላይ፣ የትልቅ ወርካ ያህል የሰፋ የባሉጥ ዛፍ ተደግፎ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። እግሩ ደነዘዘ። ታች የራሱ ቤት ጣሪያ ይታየዋል፤ ኦፓል አንሶላ እያሰጣች ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጀመሪያ ያ እንደ ሩቅ ከበሮ እምም የሚል የደረቱ ድምፅ ተሰማው፤ ከዚያ ከገደሉ አፋፍ ነጭና ቀይ ጭንቅላት ብቅ አለ።

ዳኛው ነው። አልጠሩት፣ አልለመኑት፣ በገዛ እግሩ መጣ።

አርባ እርምጃ። ሳሉ ተነሳ። ዴንዚል የጃኬቱን እጅጌ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ነከሰ። ደረቱ ሊፈነዳ ነው። ሠላሳ አምስት። የጠመንጃው አፈሙዝ ይንቀጠቀጣል። አሁን ካልሆነ መቼም። ተኮሰ።

ወፉ ተገለበጠ። ክንፉ ቅጠሉን ይመታል። ዴንዚል አርባ ዓመት እንዳደረገው ብድግ አለና ሮጠ።

እግሮቹ ሮጡ። ሳምባው ቀረ።

አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዷል፤ ኋላ ራሱ ቆጥሮታል። ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ፣ እሱም በአራት እግሩ ወደቀ፣ ሳሉ እዚያው ያዘው። ሲያስል ቀና ብሎ ያያል። ወፉ መንፈራገጡን ተወ። አንገቱን አነሳ። ቆመ። አንድ ክንፉ መሬት ይጎትታል። ዴንዚል በደረቱ እየተሳበ ወደ ጠመንጃው እጁን ዘረጋ፤ ጣቱ ሲደርስ ዳኛው ክንፉን እየጎተተ፣ ሳይሮጥ፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ አፋፉን አልፎ ወረደ።

ከአፋፉ በታች ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ የማያልፍበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ዴንዚል በጉልበቱ ገባበት። ሦስት ላባ አገኘ፣ ቅጠል ላይ የደም ጠብታ አገኘ፤ ሌላ ምንም። ሰባት ሰዓት አለፈ። በስምንት ሰዓት ሮስኮ ያገኘው እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ነው። ሮስኮ ጀርባው ላይ ጠዋት ማዶ ጋራ ላይ የገደለውን አውራ አንጠልጥሏል።

"ሞተሃል ብዬ ነበር እኮ!" አለ ሮስኮ። "ተኩስህን ሰምቼ… የታለ?"

ዴንዚል በአገጩ ቁጥቋጦውን አሳየው።

ሮስኮ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለገ። ተቧጭሮ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ከጀርባው ያለውን ወፍ አውርዶ ዴንዚል እግር ሥር አስቀመጠው።

"ውሰደው።"

"ሂድ ከዚህ።"

"ገና አደን ጽሕፈት ቤት አላስመዘገብኩትም። ማን ያውቃል? የወፍ መታወቂያ የለ!"

"እኔ አውቃለሁ።"

"አንተ መትተኸዋል ዴንዚል። እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ሞቶ ተኝቷል። ያው ነው።"

"ያው አይደለም። ቆስሎ ነው የሄደው።" ይሄን ብሎ ታች አየ። አንሶላዎቹ ደርቀዋል፤ ኦፓል እያጠፈች ነው። አባቱ የተከለው የፖም ዛፍ አብቧል። ከዚያ ሮስኮን ሳያየው "እስከ ጫካው ጫፍ ተሸከምልኝ" አለ።

ከጫካው ጫፍ እስከ በሩ ራሱ ተሸከመው። ኦፓል በረንዳ ላይ ቆማ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ዴንዚል እንደ እንጨት ቆመ። ራሱ ነጨው፣ ራሱ በለተው። ከደረቱ ሥጋ ሰባት የእርሳስ ፍሬ በቢላ ጫፍ እየለቀመ አውጥቶ ሣሩ ውስጥ ወረወረ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ ተቀመጡ። ኦፓል ሥጋውን በቅቤ ጠብሳ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ፣ ጥሩውን ሳህን አውጥታ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቲማቲም የት እንደምትተክል ታወራለች። በቀኝ በኩል ነው የምታኝከው፣ ለተሸረፈው ጥርሷ ብላ። ከዚያ አገጯ ቆመ። ምላሷ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ፈለገ። በሁለት ጣቷ አውጥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ጠብ የሚል ድምፅ ሰጠ።

ምስር ያክላል።

ኦፓል አየችው። ቀና ብላ ዴንዚልን አላየችም። የበቆሎ ዳቦዋን ቁራሽ አነሳችና ቀስ አድርጋ እላዩ ላይ አደረገችበት።

"ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አለች። "ሲጣፍጥ።"

"ኦፓል።"

"ቲማቲሙን አጥሩ ጋ ይሻላል እያልኩ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል።"

"ኦፓል፣ ዳቦውን አንሺው።"

አላነሳችውም። እጇን ጫነችበት። "እኔ ምንም አላየሁም" አለች። "ተወኝ ዴንዚል። ምንም አላየሁም ብያለሁ።"

"ሮጬ ነበር" አለ። "አሥራ ሁለት እርምጃ። እሱ እንኳን አልሮጠም። እየተራመደ ነው ጥሎኝ የሄደው።" ሳሉ ያዘው። እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ውኃ አቀበለችው። "ለግሌንዳ ደውዪላት" አለ።

ሐሙስ ሄዱ። ሮስኮ ነው በመኪናው የወሰዳቸው። ዴንዚል ከፊት ተቀመጠ፣ የኦክስጅኑ ሲሊንደር በጉልበቶቹ መሃል፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ። ከሸለቆው አፍ ሊወጡ ሲሉ "አቁም" አለ።

ሮስኮ አቆመ። በላይኛው ጋራ አፋፍ ላይ ጥንብ አንሳዎች ይዞራሉ፤ አምስት፣ ስድስት። አንዱ ክንፉን አጥፎ ቁጥቋጦው ውስጥ ወረደ።

ዴንዚል ብዙ አያቸው።

"ከፈለግኩበት ሃምሳ እርምጃ አይሆንም" አለ።

ኦፓል ከኋላ ትከሻውን ያዘችው። ሮስኮ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል።

"ሂድ" አለ ዴንዚል። ሮስኮ ነዳ።