ስልኩ ዝም ያለበት የሰሊጥ ሰሞን

«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ሰሊጥ አጭዶ አያውቅም።

እኛ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መሬት ላይ ሰሊጥ እናመርታለን። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። ከታጨደ በኋላ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ቆሞ ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት አፉን ወደ ላይ ይከፍታል። ያን ጊዜ ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ሳይራገፍ ዝናብ ከመታው ግን ግማሹ ይጠቁራል፣ ግማሹ ዋልካው አፈር ላይ ይረግፋል። የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ይሄዳል።

አባቴ በስልክ የሚላከውን የአየር ጠባይ መልእክት የወደዱት ለዚህ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ስልካቸው ይጮሃል፤ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነብላቸዋለሁ። ደጋግሞ እውነት ስለሆነላቸው አመኑት። ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል። ካልጮኸ ብራ ነው ማለት ነው። ይህን ራሱ አገልግሎቱ ነው ያስለመዳቸው።

ባለፈው ጥቅምት ሂላው ለመራገፍ ደረሰ። ማግስቱ ሚካኤል ነበር። ከጎጃም የመጡት ሠራተኞች አለቃ ከደጋው በኩል የቋጠረውን ደመና አየና አባቴን ጠየቃቸው።

«አባ፣ ዛሬውኑ የቻልነውን ያህል ብናራግፍ ምን ይመስልዎታል? ነገ በዓል ነው፣ አንነካውም።»

አባቴ ደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ስልኩ ዝም ብሏል። ደክሟችኋል፣ እረፉ። ከበዓሉ በኋላ በሰፊው እናራግፋለን።»

በሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። ነፋስ የቀላቀለ ነበር። እርሻው ስንደርስ ሂላው ተጋድሟል፣ ፍሬው ጭቃው ላይ ተበትኗል።

አባቴ ግን ሰሊጡን አላዩም። ዝናብ እየመታቸው ፌስታሉን ፈቱ።

«እስቲ እዪልኝ ልጄ፣ መልእክቱ ሳላውቅ ጠፍቶብኝ ይሆን? ትናንት በዚህ አውራ ጣቴ አንድ ነገር ነክቻለሁ።»

ምንም አልመጣም አልኋቸው፤ አላመኑኝም። ሠራተኞቹ የተረፈውን አድርቀው ሲያራግፉ እሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን ያያሉ። ላገኙት ሰው ሁሉ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይላሉ። ከጠፋው ሰሊጥ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቤት ሳለን ስልኩ ጮኸ። «የትንበያ ሥርዓታችንን እያሻሻልን ስለነበር የማስጠንቀቂያ አገልግሎታችን ለጊዜው ተቋርጦ ቆይቷል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል።

ደሜ ፈላ። የቱን ትዕግሥት? ታገሡ ያለን ሰው ነበር? ማሻሻሉን አልጠላም፤ ትራክተርም ለጥገና ይቆማል። ባለ ትራክተሩ ግን ቢያንስ «ነገ አልመጣም፣ ሌላ ፈልጉ» ብሎ ይደውላል። እነዚህ ሰዎች ከመዝጋታቸው በፊት «ለጊዜው ዝም እንላለን፣ ሰማዩን ራሳችሁ እዩ» የምትል አንዲት መስመር መላክ እንዴት ያቅታቸዋል? ሥራቸው መልእክት መላክ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ማሻሻያው ሰሊጥ የሚራገፍበት ሰሞን ካልሆነ ሌላ ጊዜ አጣ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛው ሀገር ውሻ እንኳ ጮኾ ያበቃል እንጂ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ አይልም።

«ድገሚልኝ» አሉ አባቴ። ደገምሁላቸው።

«ተቋርጦ ነበር ነው የሚለው?»

«አዎ አባዬ። እነሱ ናቸው ያቋረጡት፣ እርስዎ ምንም አልነኩም።»

አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«እንግዲያው እኔ አይደለሁማ» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። ለጎረቤት ሊነግሩ ከተቀመጡበት ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ መለስ ብለው እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩት።

«እግዜር ይስጣቸው፣ ነገሩኝ» አሉ።