መቀስ ሲይዝ የሚናገረው

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ራዲዮ» ነው የሚለው። ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፎጣው አንገቱ ላይ ከዞረ፣ የመጨረሻዋ ፀጉር እስክትራገፍ ወሬው አያባራም። ሰኞ ሰኞ ግን ሱቁን ይዘጋና ከበጎ ፈቃደኞች ማኅበሩ ጋር ይወጣል፤ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ ፀጉራቸውን ይቆርጣል፣ ጢማቸውን ይላጫል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል።

አንድ ሰኞ የምክር ቤት አባሉ የአካባቢውን ማኅበራት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስበው፣ መንግሥት በምን ሊደግፋቸው እንደሚችል ሊጠይቁ መጡ። ሲስተር ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት ስለነበር ንግግሩ በራዲዮ ላይ ወደቀ።

«እኔ? በማይክሮፎን?»

«ታዲያ ማን? ቀኑን ሙሉ የምትለፈልፈው አንተ አይደለህ?» አለች ሚስቱ፣ ኮሌታውን እያስተካከለችለት።

ተራው ደረሰ። ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ «እ... ክቡር... እንደምን አደሩ» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል የሚባል ከአፉ ጠፋ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ከኋላ ሚስቱ «ምነው፣ ባትሪው አለቀ እንዴ?» ስትል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ራዲዮም አብሮ እየሳቀ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ተቀመጠ።

በሻይ ዕረፍት ሲስተር አባሉን ጠጋ አሏቸው። «ክቡር፣ የእኛ ሰው መቀስ ካልያዘ አይናገርም» አሉ በሻከረ ድምፃቸው። «የእርስዎም ማጅራት ቢሆን...»

አባሉ ማጅራታቸውን ዳበስ አድርገው ሳቁ። «እውነት ነው፣ ጊዜ አጥቼ ነው። በሉ ይምጣ!»

ራዲዮ ከስብሰባው በኋላ ወደ ሕመምተኞቹ ሊሄድ አስቦ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ ነበር። ፎጣውን አዞረ፣ መቀሱን አንሥቶ አንዴ ቀጭ አደረገ። ምላሱም አብሮ ተፈታ።

«እንግዲህ ክቡር፣ ትልቁ ችግራችን ለማጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውሃ ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት ጓደኛችን ታፈላልናለች፣ እኛ በቴርሞስ እንሸከማለን። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ እኛ እንግላለን፣ ውሃው ይቀዘቅዛል! ምድር ቤት ያለ፣ ሙቅ ውሃ የሚወርድበት፣ ሕመምተኞቹን እያመጣን የምናጥብበት አንድ ክፍል ቢሰጠን...»

«መኪናስ አትፈልጉም?» አሉ አባሉ ዞር ብለው።

«እንፈልጋለን እንጂ! ግን እባክዎ አይንቀሳቀሱ፣ ጆሮዎ ያስፈልገኛል» አለና አገጫቸውን ይዞ አቀናቸው።

ሰው ሻዩን እንደያዘ ከበባቸው። የቤተ መጻሕፍቱ በጎ ፈቃደኞች ስለሚያፈሰው ጣሪያቸው፣ ወንዙን የሚያጸዱት ወጣቶች ስለ ጓንትና አካፋ ጣልቃ እየገቡ ተናገሩ። አባሉ አንገታቸውን እንዳጎነበሱ «ቀጥል፣ እሺ፣ ሌላስ?» ይላሉ። መድረክ ላይ ያልተባለው ሁሉ እዚያች ወንበር ዙሪያ ተባለ።

«ለመኪናው ቃል አልገባም» አሉ ሲነሡ፣ ትከሻቸውን እያራገፉ። «ክፍሉን ግን እኔው ራሴ እከታተላለሁ።»

ተከታተሉም። ከጥቂት ወራት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች ይከማቹበት የነበረውን ክፍል አስረከባቸው። የማኅበሩ ሴቶች ግድግዳውን ነጭ ቀቡት፤ የውሃ ማሞቂያው ተገጠመ። መኪናው አሁንም የለም።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ባቡር ነጂ የነበሩ አዛውንትን ጎረቤቶቻቸው ከነወንበራቸው ተሸክመው አመጧቸው። ራዲዮ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ሙቁን ውሃ ቀስ እያለ አፈሰሰላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፈታ አለ።

«አባባ፣ በዛ እንዴ?» አላቸው።

«ዝም ብለህ ጨምር ልጄ፣ ጨምር!»