ከወረቀቱ በር ጀርባ የሚዘፍነው ጊንጂ

ናትሱዬ ባሏን መሸጥ የጀመረችው የሞጂ ወደብ መጠጥ ቤቶች በሙሉ በወረርሽኙ በሽታ ምክንያት በተዘጉበት ዓመት ነው። ሸጠች ስል ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ የሸጠችው ድምፁን ነው። እሱንም የድሮውን።

ጊንጂና ናትሱዬ አዝማሪዎች ነበሩ። እሱ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ፣ እሷ አኮርዲዮኗን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ሲመሽ ከወደቡ በላይ ባሉት ጠባብ መንገዶች ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይዞራሉ። ደንበኛ ያዛል፣ ጊንጂ ይዘፍናል። እዚያ ሰፈር ታዲያ ያዘዘው ሰው ስሙ ግጥሙ ውስጥ ካልገባለት መጠጡም አይዋጥለትም። በዚህ በኩል ጊንጂን የሚስተካከለው አልነበረም። ስምህን ከባሕሩ፣ ከመርከቡ፣ ጥለኸው ከመጣኸው መንደርህ ጋር አያይዞ ሲያወጣልህ፣ ትልቅ ሰው ነኝ ብለህ አትችለውም፤ አፍንጫህን እየጠረግህ ትወጣለህ።

ያ አፍ ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት የተዘጋው። ስትሮክ መታው። እግሩ ተረፈ፣ ግራ እጁ ተረፈ፣ ንግግሩ ሄደ። ምን ዓይነት ግፍ ነው ይሄ? ስንቱ ለፍላፊ አፉን ከፍቶ በሚውልበት አገር! በመንግሥት ወጪ የሚሰጠው የንግግር ትምህርት ጊዜው ሲያልቅ መምህርቷ ሺራይሺ፣ ከዚህ በኋላ በግል ካልተከፈለ እንደማይቀጥል ለናትሱዬ ነገረቻት። "አሁን ካቆመ ግን ያቺ የጀመራት ድምፅም ትጠፋለች" አለቻት። ናትሱዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ከማድረግ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። መጠጥ ቤት ተዘግቷል፣ ሥራ የለም፣ የምትሸጠውም የለም።

መላ የሰጠቻት ማማ ኩኒኮ ናት፤ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት የመጠጥ ቤት ባለቤት።

"አሁን ዘፋኙ ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ነው" አለቻት በስልክ። "የሚወዱሽ ሰዎች በየወሩ ይከፍላሉ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ለነሱ ብቻ ታሰሚያቸዋለሽ። በሞባይል። የኛ ሽማግሌዎች እኮ ቤት ተዘግቶባቸው ሊያብዱ ነው። ስማቸውን አስገብቶ የሚዘፍንላቸው ካገኙ ነፍሳቸውንም ይሰጡሻል።"

"ጊንጂ መች ይዘፍናልና ነው ማማ? አንቺ አታውቂም?"

"ካሴቶቹስ? ቤቴ ሲዘፍን የቀዳሁት ስንትና ስንት አለ። የማን ስም እንደገባበት እላዩ ላይ ጽፌአለሁ።"

በማግስቱ ማማ ኩኒኮ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ካሴት ይዛላት መጣች። ናትሱዬ ነገሩን ለጊንጂ ስትነግረው እስክሪብቶውን በግራ እጁ ጨብጦ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ታግሎ፣ "ሰው አይወቅ" ብሎ ጻፈ። ሲታዘንለት አይወድም፤ ድሮም እንደዚያው ነበር።

እንዲህ ሆነና ደንበኞቹ በየቤታቸው ብርጭቋቸውን ይዘው ሞባይላቸው ፊት መሰየም ጀመሩ። ናትሱዬ አኮርዲዮኗን ታቅፋ ትታያለች። ጊንጂ የት አለ ሲሏት፣ "ካሜራ ያፍራል፣ ከበሩ ጀርባ ነው" ትላለች። ውሸትም አይደል! ከተንሸራታቹ የወረቀት በር ጀርባ ቁጭ ብሏል። ካሴት ማጫወቻው ግን ጠረጴዛው ሥር ነው፤ እሷ በአኮርዲዮኑ ላይ ጣቶቿን ያለ ድምፅ ታሯሩጣለች፣ ሰውየው በሩ ጀርባ ሆኖ የገዛ ራሱን ድምፅ ያዳምጣል። ዘፈኑ ሲያልቅ ገብታ ፊቱን ለማየት ድፍረት አልነበራትም።

"ጊንጂ! ድምፅህ በሽታውን ፈርቶ ቤት በመዋሉ ጭራሽ ወጣት ሆነ እኮ!" ይላል አንዱ ባለታክሲ።

"አንተ ደግሞ ጭራሽ ጆሮህ ከፋ" ትለዋለች ማማ ኩኒኮ፣ ጨዋታውን ለማስቀየር።

ትምህርቱ በዚህ ሁኔታ ቀጠለ። ሺራይሺ አፏን የሚያሳይ የላስቲክ ጭንብል አድርጋ ትመጣለች፣ ጊንጂ "አ" ይላል፣ "ማ" ይላል። ናትሱዬ ወጥ ቤት ሆና ስትሰማው በደስታ ታለቅሳለች። በልታ የማታድረው ሴትዮ፣ ለዚያች "ማ" ስትል ዓለምን በሙሉ ብታታልል ግድ አልነበራትም።

ከደንበኞቹ ሁሉ የበለጠ የሚከፍለው ዓሣ ነጋዴው ኢሶጋይ ነበር። አለቃ ኢሶጋይ ይሉታል። ሚስቱ ሃሩዮ በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ በበሽታው ሞታ፣ ሆስፒታል ገብቶ እንኳ ሳይሰናበታት፣ አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷን በሳጥን አምጥተው በር ላይ ነው ያስረከቡት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራ ብቻ ብርጭቆውን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ቅዳሜ፣ "የኔን ዘፈን ዛሬ አዲስ አድርጉልኝ" አለ። ናትሱዬ "ኢሶጋይ" የሚል ካሴት ከቆርቆሮው አወጣች፣ መጀመሪያውን ሰማችው፣ ደህና ነው። እስከ መጨረሻው አልሰማችውም። ሞኝ! እስከ መጨረሻው ብትሰማው ምን ነበረበት?

ዘፈኑ አምሮ አለቀ። ናትሱዬ ልትዘጋው እጇን ወደ ጠረጴዛው ሥር ስትሰድድ አኮርዲዮኑ ያዛት። በዚያች ቅጽበት የጊንጂ ድምፅ እየሳቀ መጣ። "ሃሩዮ፣ በሞቴ ከዚህ በላይ አትቅጂለት፣ ነገ እሱ ዓሣውን መሸጡ ቀርቶ ዓሣው እሱን ይሸጠዋል!" አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ረጅም፣ ትንፋሿ እስኪያጥር የሚሄድ ሳቅ። ከዚያ እንደገና ጊንጂ፣ በሞቅታ፣ "ናትሱዬ፣ በይ ነይ እንሂድ" አለ። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ሃሩዮን የማያውቅ አልነበረም፣ ሳቋን የማያውቅም እንደዚሁ።

"ይሄ ካሴት ነው" አለ ባለታክሲው። "እስከ ዛሬ ካሴት ነው ስታሰሚን የከረምሽው? አታፍሪም? በሙት ሳቅ!"

"እባካችሁ" አለች ናትሱዬ፣ "እባካችሁ፣ ጊንጂ ታሞብኝ ነው…"

የሰማት የለም። አንዱ ተሳደበ፣ ሌላው ዝም ብሎ ወጣ፣ ሞባይሉ ላይ ፊታቸው የሚታይባቸው መስኮቶች ተራ በተራ ጠፉ። ኢሶጋይ ምን እንዳለ፣ መቼ እንደወጣም አላየችም። እሁድን ሙሉ ጊንጂን ቀና ብላ ሳታየው ዋለች። ትምህርቱ አበቃለት፣ በገዛ እጄ ገደልኩት እያለች።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኢሶጋይ ነው፤ ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ "ይቅር ይበሉኝ አለቃ፣ ምን አፍ አለኝ" ብላ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ስትደፋ እሱም ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ እንደሷው ተደፋ።

"የሳቋን ድምፅ የትም አልቀዳሁትም" አለ። "ፎቶዋ አለኝ። ሳቋ የለኝም። ያንን ካሴት ስጪኝ እህቴ። ጋሽ ጊንጂ እስኪናገር ድረስ የትምህርቱን እኔ እችላለሁ። ግን ለኔ ብቻ ይሁን። ግልባጭ አታስቀሪ፣ ማንም ከዚህ በኋላ አይስማት። ማይልኝ።"

ናትሱዬ እንባዋ ቀደማት። ካሴቱን ልታነሳ ስትል ጊንጂ ከኋላዋ መጥቶ እጅጌዋን ያዘ። ጎተታት። ራሱን ነቀነቀ፣ አፉ እየተጣመመ የሆነ ድምፅ አወጣ።

"ኩራትህን ዛሬ እንኳ ተወው!" ብላ ጮኸችበት፤ ጮኻበት አታውቅም ነበር። "ለራስህ እኮ ነው!" እጅጌዋን መንጭቃ ካሴቱን በሁለት እጇ አቀረበች። ማለች።

ኢሶጋይ ቃሉን ጠበቀ። ትምህርቱ በረታ፣ በጋው ገባ። የሙታን በዓል፣ ቦን፣ ባለቀ ማግስት ሺራይሺ ናትሱዬን ወደ ክፍሉ ጠራቻት።

"አሁን ወደ ቃል እንግባ" አለች። "ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚመጣው ሰው የሚወደው ስም ነው። የእርስዎን ስም እንሞክር። ሲጠራዎት የተቀዳ ድምፅ ካለ፣ የራሱን አነጋገር እየሰማ ቢከተል ይቀለዋል።"

"ስሜንማ መች ይጠራል" አለች ናትሱዬ እየሳቀች። "የኛ ዘመን ወንዶች ሚስታቸውን 'አንቺ!' ነው የሚሉት። ሰው ፊትማ…"

ሳቋ እዚያው ቀረ። ጊንጂ ያያታል። እጅጌዋን የያዘ ቀን ያያት እንደነበረው ነው የሚያያት። ወይኔ ናትሱዬ! ስሟን የጠራው የሃሩዮ ሳቅ ያለበት ያ ካሴት ላይ ነው። ጫማዋን በቅጡ ሳታደርግ ቁልቁለቱን ወረደችው።

ኢሶጋይ የሱቁን ወለል በውሃ ያጥባል። ገና ሳትናገር ፊቱ በራ።

"እንኳን መጣሽ! ላመሰግንሽ ልመጣ ነበር" አለ። "ሃሩዮ ከሞተች የመጀመሪያ ቦኗ አልነበር? ካሴቱን ቤተ መቅደስ ወሰድኩላት። መነኩሴው ጸሎት አድርሶ ከሌሎቹ ዕቃዎቿ ጋር በእሳት ላከላት። ጢሱ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ካንቺ ሌላ ይሄን ማን ያደርግልኝ ነበር?"

የሰውየው ዓይን በእንባ ሞልቷል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ዘና ብሏል።

"ደህና አደረጉ አለቃ" አለች ናትሱዬ። "እሷም ደስ ይላታል።"

ሽቅብ ስትመለስ ጊንጂ ያንን ስም እንዴት ብሎ እንደጠራት ልታስታውስ ሞከረች፤ የት ላይ ረገጠው፣ የት ላይ ሳበው? ጠፋባት። የሃሩዮ ሳቅ ብቻ ነው ጆሮዋ ላይ የቀረው።

"አገኙት?" አለች ሺራይሺ።

ናትሱዬ ጊንጂ ፊት ተቀመጠች፣ ግራ እጁን ይዛ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችው፣ ድምፁ ሲርገበገብ እንዲሰማው። "ና-ትሱ-ዬ" አለችው፣ የገዛ ስሟን።

ጊንጂ አፏን እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

"እንደገና" አለችው።