ወደ ግራ ለመዞር ግራውን መግፋት

ታላቅ እህቴ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከሶዶ ወደ ሁምቦ የምትወርደው በመሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ባለ የግራ ኩርባ ከአስፋልቱ ወጥታ ወደቀች፤ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ከዳነች በኋላ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሳ በሚኒባስና በእግር መሄድ ጀመረች። ሩቅ ያሉት ቀበሌዎች ቀሩባት። ጎረቤት «ድሮስ ሞተር ለሴት ይሆናል?» ሲል እየሰማች ታልፋለች።

እኔ ምህንድስና አስተምራለሁ። ያየሁትን ሁሉ በግምት የማስላት ልማድ አለብኝ፤ የውኃ ታንከር ሳይ ክብደቱን፣ ባጃጅ ሲያልፍ ፍጥነቱን። አንድ ቅዳሜ «ነይ፣ ኩርባውን አብረን እንየው» አልኳት። ቅር እያላት መጣች።

«ስትወድቂ ፍጥነትሽ ስንት ነበር?»

«አርባ አይሞላም።»

በሰከንድ ዐሥር ሜትር ገደማ ነው። የኩርባውን ስፋት በዓይኔ ለክቼ በጭንቅላቴ አሰላሁት።

«መንገዱ ደረቅ ከነበረ ጎማው ይይዝሽ ነበር። መሪውን ምን አደረግሽው?»

እጆቿን ዘረጋች። «በቀኝ በኩል ያለው የመንገዱ ዳር ቦይ ሲመጣብኝ ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። ሞተሩ ግን ወደ ቀኝ ወሰደኝ።»

ሞተር ሲፈጥን ለመዞር መጀመሪያ ማጋደል እንዳለበት ነገርኳት። መሪው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ጎማው ከሥር ወደ ግራ ይሸሻል፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ወደ ግራ ለመዞር የግራውን እጀታ በቀስታ ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ያኔ መሪው ጥቂት ወደ ቀኝ ሲዞር ሞተሩ ወደ ግራ ያጋድላል።

«ታዲያ እስከዚያ ቀን እንዴት በደህና ዞርኩ?»

«እጅሽ ራሱ ሳታውቂው ይገፋ ነበር። የዚያን ቀን ፍርሃት ቀደመው።»

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ለዚህ ሥራ የማልሆን ሰው ነኝ ብዬ ነበር» አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ሞተር ነድተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

በሳምንቱ ሸራውን አነሳች። ሰፊ ሜዳ ላይ የግራውን እጀታ በጣቶቿ ብቻ ገፋ ስታደርግ ሞተሩ ወደ ግራ ዞረላት፤ የቀኙን ስትገፋ ወደ ቀኝ። እየደጋገመች ሞከረችው። እኔ ዳር ቆሜ እሰጋ ነበር፤ ወረቀት ላይ ልክ የሆነ ነገር የእህቴን አጥንት መልሶ ቢሰብርስ?

ከዚያ ወዲያ ብቻዋን በሞተሩ ወደ ሩቆቹ የሁምቦ ቀበሌዎች ወረደች። አንዲት እናት የታመመች ላማቸውን ይዘው ደጅ ላይ ሲጠብቋት አገኘቻቸው። «ጠፋሽብን እኮ ልጄ» ብለው አቀፏት። ማታ አቧራ ለብሳ ገባች፤ ትከሻዋን እያሸች የላሟን ነገር ስታወራልን እራቱ ቀዘቀዘ።